ሳይኮሎጂ እያስተማሩ፣ እየተመራመሩ መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክልል ላይ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ ቢሮዬ በር ላይ የሚቆሙት ተማሪዎች ይለዋወጣሉ እንጂ ጥያቄያቸው አይለወጥም። በቴሌግራም የሚደርሰኝም ያው ነው። ስለዚህ መልሶቹን አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። የማወራው ስለ ዩኒቨርሲቲው ሳይኮሎጂስት ነው፤ ክሊኒክ ከፍቶ ስለሚሠራው አይደለም።

ሳይኮሎጂስት ከሆንኩ ሰው አክማለሁ ማለት ነው?

በዚህኛው መንገድ አይደለም። መድኃኒት የሚያዝዘው ሳይካትሪስት ነው፤ መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ በኋላ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ማለት ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደግሞ በንግግር በሚሰጥ ሕክምና ይሠለጥናል። እኛ እናስተምራለን፣ እንመራመራለን፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባለውንም እንሠራለን። ጊዜውን የሚበላው ማስተማሩ ነው። ስም የሚሠራው ምርምሩ ነው።

ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሰርግ ቤት "ሳይኮሎጂ ነው የማስተምረው" ካላችሁ ከጎናችሁ የተቀመጡት ሴትዮ "እስቲ እኔን አንብበኝ" ማለታቸው አይቀርም። እናቴ እስከ ዛሬ ለጎረቤት "ልጄ የጭንቅላት ሐኪም ነው" ትላለች። ማረም ትቻለሁ።

ሳይኮሎጂ ውስጥ የጣለኝ ምደባ ነው። ልቀጥልበት?

ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የገባነው። የኔ አንደኛ ምርጫ አካውንቲንግ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድም ኮርስ ካልያዛችሁ ግን ዲግሪውን ጨርሱና ሌላ ነገር አስቡ። በግድ እስከ ዶክትሬት አይደረስም።

ከዲግሪ እስከ ፕሮፌሰርነት ያለው መሰላል ምን ይመስላል?

የመጀመሪያው በር የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም። ለማስተርስ ደግሞ ተማሪው "ጋት" የሚለው ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ።

ማዕረጉ ከታች ሲጀምር ግራጁዌት አሲስታንት ነው፤ ጂኤ እንለዋለን። ከዚያ ረዳት ሌክቸረር፣ በማስተርስ ሌክቸረር፣ በዶክትሬት ረዳት ፕሮፌሰር ይኮናል። ቀጥሎ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ መጨረሻ ላይ ፕሮፌሰር። ልብ በሉ፦ እስከ ረዳት ፕሮፌሰር የሚወጣው በትምህርት ነው። ከዚያ በላይ ያለው በአገልግሎት ዓመትና በታተመ ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው የሚቆመውም እዚያ ላይ ነው። ዶክትሬቱን ይዞ ይመጣል፣ ኮርስ ይጫንበታል፣ ኮሚቴ ይጫንበታል፣ አሥር ዓመት ያልፋል።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ የዩኒቨርሲቲዎቹን ክፍፍል ነው። የምርምር ተብለው የተለዩት ስምንት ናቸው፦ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ሐሮማያና አርባ ምንጭ። ከሌሎቹ አብዛኞቹ አፕላይድ ወይም ኮምፕሪሄንሲቭ ይባላሉ። የዶክትሬት ፕሮግራም ስትፈልጉ ከስምንቱ ጀምሩ።

የትኛውን ዘርፍ ልምረጥ?

ክሊኒካልና ካውንስሊንግ ሰው ይጎርፍባቸዋል። ሶሻል (ሰው ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት) እና ዴቨሎፕመንታል (የሰው ዕድገት) ለምርምር ሰፊ ሜዳ አላቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሜዠርመንት፣ ማለትም የመለካት ትምህርት፣ ነው ትልቁ ክፍተት። ፈተና የሚያወጣም፣ መጠይቅ የሚያዘጋጅም፣ የድርጅት ፕሮጀክት የሚገመግምም ይፈልገዋል። አሰልቺ ይመስላል። እንጀራ ግን አለው።

የምርምር ርዕስ ከየት ይመጣል?

ከየት እንደማይመጣ ልንገራችሁ። የዲፓርትመንታችን ቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፍ፣ መደርደሪያ ላይ ግማሹ ርዕስ አንድ ነው፦ "የእንትንና የትምህርት ውጤት ግንኙነት፦ የእገሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጉዳይ"። እንትኑን ብቻ እየቀያየሩ። አንድ ዓመት በራስ መተማመን፣ አንድ ዓመት የጊዜ አጠቃቀም፣ አንድ ዓመት ፌስቡክ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጄፍሪ አርኔት የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የሚያሳትማቸውን ስድስት ትልልቅ መጽሔቶች ፈተሸ። ከተጠኑት ሰዎች 96 ከመቶ የሚሆኑት ከበለጸጉት የምዕራብ አገሮች ሆነው ተገኙ። እነዚህ አገሮች ያኔ ከዓለም ሕዝብ የያዙት 12 ከመቶ ግድም ነው። "ሰው እንዲህ ነው" እያልን የምናስተምረው ከዚያ የተለቀመ ነው።

እኛ ቤት ያልተጠየቀው ተዝቆ አያልቅም። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ከሰው ጋር መቀመጥ ለሐዘንተኛው ምን ያደርግለታል? ማን ይጎዳበታል? ጠዋት ከብት አግዶ ከሰዓት ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ትኩረቱን እንዴት ያከፋፍላል? ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ የላከችው ብር አልቆ ስታገኘው ከቤተሰቧ ጋር እንዴት ትኖራለች? ይሉኝታ በቁጥር ይለካል? የመጨረሻው ላይ ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል።

መጠይቅ ከኢንተርኔት አውርጄ ብተረጉመው አይበቃም?

አይበቃም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሙያችን ዋና በሽታ ይሄ ነውና።

ለማስተርስ ቴሲሴ ስለ ስሜት ጤንነት የሚጠይቅ የእንግሊዝኛ መጠይቅ ተረጎምኩ። ስትረስ የሚለውን ጭንቀት አልኩት። አንግዛይቲ የሚለውንም ጭንቀት አልኩት። ዎሪ የሚለውም ዞሮ ዞሮ ጭንቀት ሆነ። ኮፒ ተባዛ፣ ወደ ገጠር ቀበሌ ወጣሁ። አንዲት እናት ደጃቸው ላይ አስቀምጠውኝ፣ ቡና እየቆሉ ይመልሱልኛል። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ይሄንን እኮ አሁን መለስኩልህ" አሉኝ። ዘጠነኛው ላይ ዝም አሉ። ያላመንኳቸው መስሏቸው ቅር ብሏቸዋል።

ቀጥሎ ደግሞ አምስቱ አማራጭ መጣ። "እስማማለሁ ነው ወይስ በጣም እስማማለሁ?" ስላቸው "አዎ ብያለሁ፣ ሌላ ምን ልበል?" አሉ። እውነታቸውን ነው። በኋላ የተማርኩት ዘዴ ቀላል ነው፦ አምስት ብርጭቆ ደርድራችሁ ባዶ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ ውኃ ትሞላላችሁ። "ሐሳቡ ምን ያህል ነው?" ስትሉ በጣታቸው ያሳያሉ።

ደግሞ እንግዳን እንቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ የጠየቃችሁትን ሁሉ "አዎ" የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ግማሹን ጥያቄ ወደ ተቃራኒው ገልብጡት። "ደስተኛ ነኝ"ንም "ደስታ ርቆኛል"ንም አዎ ያለ ሰው ያከበራችሁ እንግድነታችሁን ነው፤ ጥያቄውን አልመለሰም።

ወጉ እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ ይተርጉም። ሁለቱ ተገናኝተው ይጨቃጨቁና አንድ ያድርጉት። ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። የተመለሰው ከዋናው ጋር ካልገጠመ ችግሩ የት እንዳለ ታዩታላችሁ። ከዚያ ከአምስት እስከ አሥር ሰው ቁጭ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ጥያቄ "ይሄ ለእርስዎ ምን ማለት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሆዴ ባባ፣ ልቤ ፈራ፣ ውስጤ ተቃጠለ የሚሉት አነጋገሮች የሚወጡት ያኔ ነው። መዝገበ ቃላት አይሰጣችሁም።

ከዚያ በፊት ግን ቀድሞ የተሠራ እንዳለ ፈልጉ። ድብርትን የሚለካው ፒኤችኪው 9፣ በጥቅሉ የአእምሮ ጭንቀትን የሚለኩት ኤስአርኪው 20 እና ኬስለር 10 የሚባሉት መጠይቆች በአማርኛ ተተርጉመው እዚሁ አገር ተፈትሸዋል። ቡታጅራ በተለይ ለአእምሮ ጤና ጥናት የቆየ ቦታ ነው። የነበረውን ወስዶ ባለቤቱን ማስፈቀድ ድካም ይቀንሳል።

የፈቃድ ቅጽ ላይ ሰዎች መፈረም ይፈራሉ። ምን ላድርግ?

መፍራታቸው ልክ ነው። ገጠር ውስጥ ፊርማ ማለት መሬት፣ ብድር ወይም ግብር ነው። ዶሴ ይዞ የመጣ ሰው ጥሩ ነገር ይዞ አይመጣም። ፕሮፖዛላችሁን ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ስታስገቡ፣ በቃል የሚሰጥ ፈቃድ ከምስክር ጋር እንዲፈቀድላችሁ ከመጀመሪያው ጠይቁ፣ ምክንያቱንም ጻፉ። ሜዳ ከወጣችሁ በኋላ የመጣላችሁ ሐሳብ ከሆነ ግን ረፍዷል።

ስታቲስቲክስ እፈራለሁ። ያለሱ ይሆናል?

ኳሊቴቲቭ ጥናት፣ ማለትም በቁጥር ሳይሆን በሰዎች ንግግር ላይ የሚሠራው፣ ከስታቲስቲክስ መሸሻ የሚመስለው ብዙ ነው። አንድ ቃለ መጠይቅ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ገልብጣችሁ እዩት። አንድ ሰዓት የቀዳችሁት ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል።

ስታቲስቲክስ ደግሞ ከሚፈራው ያነሰ ነው። ክራክ የተደረገ ኤስፒኤስኤስ የሚባል የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ስናዋውር የኖርነው በከንቱ ነው። ጃሞቪና ጃስፕ የሚባሉት ተመሳሳይ ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፣ አሠራራቸውም ቀላል። ጠለቅ ማለት የፈለገ አር የሚባለውን ይማር፤ እሱም ነፃ ነው። ሰው ከፍላችሁ "ዳታ አናላይዝ" አታስደርጉ። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ "ይቺ ቁጥር ምንድን ናት?" ሲል የከፈላችሁት ልጅ ከጎናችሁ አይኖርም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተሰባስበው በታወቁ መጽሔቶች የወጡ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሠሩ። ፊተኛዎቹ ሁሉም ማለት ይቻላል "ውጤት አገኘን" ያሉ ነበሩ። በድጋሚው ያንን ውጤት ያገኙት 36 ከመቶ ብቻ ናቸው። አንዱ ምክንያት ጥቂት ሰው ጠይቆ፣ የሚያምር ቁጥር እስኪመጣ ድረስ ዳታውን ማገላበጥ ነው። አይቶ የማለፍ ነገር አይደለም፤ እኛም ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ከዚያ የባሰም አለ። ዲደሪክ ስታፕል የሚባለው የኔዘርላንድ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2011 ዳታውን ከአእምሮው ፈጥሮ ይጽፍ እንደነበር ታወቀ፤ ከ50 በላይ ጽሑፎቹ ተሰረዙ። ምን ልትፈትሹ እንደሆነ ዳታ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጻፉና ኦኤስኤፍ በሚባለው የተመራማሪዎች ድረ ገጽ ላይ መዝግቡት። ነፃ ነው፣ ቀንም ይይዝላችኋል።

የት ላሳትም?

መጀመሪያ የት እንደማታሳትሙ። ገና ሌክቸረር ሳለሁ "የተከበሩ ታላቅ ፕሮፌሰር" ብሎ የሚጀምር ኢሜይል ደረሰኝ። ስሜ ተሳስቷል፣ ማዕረጉም የኔ አይደለም፤ ግን ደስ አለኝ። ጽሑፌን ላክሁ። በአራተኛው ቀን "ያለ ምንም እርማት ተቀብለናል" አሉ። ዶላር ስለሌለኝ ውጭ ያለ የአክስቴን ልጅ ለምኜ አስከፈልኩ። ወጣልኝ፣ ለሰው ሁሉ ሊንኩን ላክሁ። የማዕረግ ዕድገት ስጠይቅ መጽሔቱ ተቀባይነት የለውም ተባልኩ። ከዓመት በኋላ ድረ ገጹም ጠፋ። በአጭሩ ተሸወድኩ። የአክስቴ ልጅ ገንዘቡን እስከ ዛሬ አላነሣብኝም፣ እኔም አላነሣሁም።

በአራት ቀን የሚቀበል መጽሔት አንባቢ የለውም፣ ገምጋሚም የለውም። ዲፓርትመንታችሁ የሚቀበለውን ዝርዝር ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትማቸውን የትምህርትና የባሕርይ ጥናት መጽሔቶች አትናቁ። ውጭ ስትልኩ ደግሞ ክፍያ ካለ ቅነሳ ጠይቁ፤ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ሥርዓት ኢትዮጵያ አንደኛው ምድብ ውስጥ ስላለች ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ጭራሽ አያስከፍሉም። ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሳይሆን ስትልኩ ነው የሚጠየቀው።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ስማችሁን በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፉ። ጸጋዬ የሚባል ባልደረባዬ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ አሳትሞ በይነመረብ ላይ ሦስት ሰው ሆኗል። ኦርሲድ የሚባለውን መለያ ቁጥር ዛሬ አውጡ።

አድቫይዘሬ ሳይጽፍ ስሙን ቀድሞ ላስገባ ይላል። እምቢ ማለት ይቻላል?

ከባድ ነው፤ እናውቀዋለን። መምህር ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ነገ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነው። በጽሑፉ ማለቂያ ላይ የሚነሣ ጭቅጭቅ ግን ሁሌም የተማሪው ሽንፈት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን መጀመሪያ ላይ፣ ገና ፕሮፖዛል ሳለ፣ በትሕትና አንሡት፦ "ዶክተር፣ ከቴሲሱ ጽሑፍ ብናወጣ ቅደም ተከተሉ እንዴት ይሁን?" በቃል የተነጋገራችሁትን ማታ በኢሜይል "እንደተነጋገርነው" ብላችሁ ላኩለት። ከተማሪ ቴሲስ በሚወጣ ጽሑፍ ላይ ተማሪው አንደኛ መሆኑ በሙያው የታወቀ ልማድ ነው።

ዶክትሬት እዚህ ወይስ ውጭ?

እዚህ ከሆነ ቤተሰብም ሥራም አይለይም፤ ኮርስ እያስተማሩ መማር ግን ዓመቱን ይጎትተዋል። ውጭ ከሆነ አገሩ ይለያያል። አሜሪካ በመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ ዶክትሬት መግባት ይቻላል፤ አምስት ዓመት ግድም ይፈጃል፤ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ ኪስ ገንዘብ ይሰጣል፤ በምትኩ ታስተምራላችሁ ወይም ላብራቶሪ ታግዛላችሁ። አውሮፓ ብዙውን ጊዜ ማስተርስ ይጠይቃል። ጀርመን፣ ኔዘርላንድና ኖርዌይ የዶክትሬት ተማሪው በአብዛኛው ደመወዝተኛ ነው፤ ማስታወቂያው እንደ ሥራ ቅጥር ይወጣል። ለማስተርስ የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስና የጀርመኑ ዳድ የሚባሉ ስኮላርሺፖች አሉ።

ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ሰው ምረጡ። የምታመለክቱበትን ፕሮፌሰር ሁለት ጽሑፍ አንብቡና አምስት መስመር ጻፉለት። "ታላቅ ሥራዎን አደንቃለሁ" አይሠራም። "በ2019ኙ ጽሑፍዎ የጠየቋቸው ሁሉ የከተማ ልጆች ናቸው፤ እኔ ገጠር ላይ ብሠራው ምን ይለወጥ ይሆን?" ይሠራል። አሥር ጽፋችሁ ሁለት ከመለሱላችሁ ደህና ነው።

የወረቀት ጣጣውን አትርሱ። ወጪ መጋራቱ ካልተከፈለ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣም። ሬጅስትራር ቤት ያለው ሰልፍ ማመልከቻው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው አይገፋም፤ ከመስከረም ጀምሩ። ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ ለትምህርት ስትወጡ ተመልሳችሁ ለማገልገል ውል ትፈርማላችሁ፣ ዋስም ታስጠራላችሁ። ዋስ የሆነላችሁን ሰው ደመወዝ ይዛችሁ እንደምትሄዱ ቁጠሩት።

ደመወዙ ያኖራል?

ብቻውን አያኖርም። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራ ያቆሙት ለዚሁ ነበር። አብዛኛው ሰው የማታና የቅዳሜ ክፍል ይይዛል፣ ወይም ለድርጅቶች የቤዝላይን ጥናት፣ ማለትም ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ያለውን ሁኔታ የሚያሳይ ጥናት፣ ይሠራል። የኋለኛው ጥሩ ይከፍላል፤ ግን ሪፖርቱ የድርጅቱ ነው፣ አይታተምም። አንድ ባልደረባዬ አሥራ አንድ እንዲህ ያለ ሪፖርት ጽፏል፣ ሲቪው ላይ አንድም የታተመ የለም። ስትዋዋሉ "ከዳታው የሰዎቹን ስም አጥፍቼ ለጽሑፍ ልጠቀም" የምትል አንዲት መስመር አስገቡ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፤ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው የማያስገቡት።

38 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ረፍዷል?

ለዶክትሬት አልረፈደም። ለአንዳንድ ስኮላርሺፕ ግን የዕድሜ ገደብ አለና ማስታወቂያውን እስከ ታች አንብቢ። ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሠርተሽ ከነበረ የምታውቂው ሰውና የምትገቢበት ቤት አለ። ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ያልወጣ ልጅ ያንን ለማግኘት ሁለት ዓመት ይለምናል።

ገና ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ዛሬ ምን ልጀምር?

አንድ መጠይቅ ፈልጉ። ከውስጡ አምስት ጥያቄ ብቻ ወደ አማርኛ መልሱ። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ለአክስታችሁ ወይም ለጎረቤት እትዬ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸውና "ይሄ ምን ማለት ይመስልዎታል?" በሏቸው። የሚሉትን ሳታርሙ ጻፉ። ሲስቁ የት ላይ እንደሳቁ ምልክት አድርጉ። ደብተሩን ይዛችሁ ቢሮዬ ኑ፤ ሐሙስ ከሰዓት አለሁ።